ልብስ ጠባቂው ዱላ ቆረጠ

ጎጃም፣ አምበር ከተማ ውስጥ የኔዓለምን የማያውቅ የለም። ልብስ ሰፊ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሯል። ይበልጥ የሚታወቀው ግን በሌላ ሥራው ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ገና ሊጫወቱ መስክ ሲወርዱ፣ የላይኛው ሰፈር ልብስ ጠባቂ እሱ ነው። ተጫዋቾቹ ኮቱን፣ ጋቢውን፣ ስልኩን፣ የባጃጁን ቁልፍ እግሩ ሥር ይከምሩና ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ጥንጓን፣ ትንሿን የእንጨት ኳስ፣ ሊያሳድዱ ይሮጣሉ። እሱ ክምሩ አጠገብ ተቀምጦ ያያል። የተቀደደ ኮት ካገኘ መርፌ ከኪሱ ስለማይጠፋ እዚያው ሰፍቶ ይመልሰዋል።

ነገሩ የተጀመረው በሰባት ዓመቱ ነው። ከሾላ ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻው ያሰረለት አጥንት እንደምንም ገጠመ፣ ክርኑ ግን ዳግመኛ ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም። እናቱ ከዚያ ወዲያ ዱላ እንዳይነካ ከለከሉት፤ ጓደኞቹም የታመነ ልጅ ነው ብለው ልብስ አስጠበቁት። ጓደኞቹ አድገው፣ አግብተው፣ ከፊሎቹም ሸብተው፣ ከዚህ ሹመት የሻረው ሰው አልተገኘም።

ባለፈው መስከረም፣ አርባ ሦስት ዓመት በሞላው ሰሞን፣ ዘንድሮ ገና እንደሚጫወት ለሚስቱ ለአሰገደች ነገራት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ እንዳልሳቀ ስታይ በየትኛው እጁ እንደሚጫወት ጠየቀችው፤ ባለኝ እጅ አላት፣ ቁርሱን ጨርሶ ወጣ። የኔዓለም ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው አንድ ነገር ቆርጦ ሲነሳ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ጨዋታ ሲያይ የኖረ ሰው ስለ ዱላ አንዳች ነገር አለማወቁ ይገርማል። ደብረ ማርቆስ ክርና ገበር ሊገዛ ሄዶ አንድ ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ ከዘራ አየና ልቡ ቀረ። ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፣ ቫርኒሹ ያብረቀርቃል። ሽማግሌ የሚመረኮዘውን ነገር ገልብጦ ገና ሊጫወትበት የገዛ ሰው ከጎጃም እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጓሮ ወጥቶ ጥንጓን አንዴ ቢመታት በእሳት የተቆለመመው ጫፍ ተሰንጥቆ ተዘረጋ። አሰገደች ስባሪውን ወስዳ የዶሮ ቤቱ መዝጊያ አደረገችው።

ቀጥሎ ሙያውን ተማመነ። ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የተጫዋቾቹን ዱላ አንድ በአንድ ለካ። የጌቾንም ለካ፤ ጌቾ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና የላይኛው ሰፈር አለቃ ነው። የሁሉንም ጽፎ አማካዩን አወጣና አንድ ወይራ በዚያው ልክ ቆረጠ። ሲያዩት የሚያስጎመጅ ዱላ ነበር። ልምምድ ላይ ግን ጥንጓ ስትመጣለት ወገቡ እስኪቀነጠስ ቢያጎነብስም ዱላው ከላይ ከላይዋ ያልፋል። አምስት ጊዜ ሳተ፣ በስድስተኛው በግንባሩ ተደፋ። ጌቾ ደግ ሰው ነው። አነሳው፣ አቧራውን አራገፈለት፣ እንደ ድሮው ልብሱን ቢጠብቅላቸው ሁሉም ደስ እንደሚላቸው በለሆሳስ ነገረው። የኔዓለምን ከመውደቁ ይልቅ ያንገበገበው ይህ ደግነት ነው።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ አያ ታረቀ ዘንድ ሄደ። አያ ታረቀ ከአምበር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀው የሚኖሩ፣ በጉልምስናቸው መስኩን ያንቀጠቀጡ የድሮ ተጫዋች ናቸው። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ዱላ ያስመርጣሉ እንጂ መስክ መውረድ ትተዋል። ለሰው ዱላ አይቆርጡም፣ አይሸጡምም፤ የሚቆረጠውን ያሳያሉ፣ መቁረጡ የባለቤቱ ነው። የወይራውን ዱላ አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ ሰውየውን አዩ፣ በማን ልክ እንደቆረጠው ጠየቁት። የሁሉንም ለክቶ አማካዩን እንደወሰደ በኩራት ነገራቸው።

"ለአንዱ ደንበኛ በሌላው ልክ ሰፍተህ ታውቃለህ?" አሉት።

የኔዓለም እጁ ወደ ኮቱ እጅጌ ሄደ። የራሱን ኮት ሲሰፋ ቀኝ እጅጌውን በአራት ጣት የሚያሳጥር ሰው ነው። ያን የሚያደርገው ግን ክንዱ እንዳይታወቅበት ነው፤ ሜትሩን ይዞ የሰፈሩን ዱላ ሁሉ ሲለካ የገዛ ክንዱን መለካት አንድ ጊዜ እንኳ አልታሰበውም። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ሽማግሌው እንደሚሮጥ ሰው አጎንብሶ እጁን እንዲለቀው አዘዙት። ክርኑ እንደ ልማዱ እመንገድ ቀረ። ከመዳፉ እስከ ሣሩ በስንዝር ለኩ፤ ከጌቾ ዱላ አንድ ስንዝር የሚረዝም ያስፈልገዋል። ወደ ገደሉ አፋፍ ወረዱ። የኔዓለም ዓይኑ ያረፈበትን ቆንጆ ቆንጆውን ያሳያል፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ከቋጥኝ ሥር ተጣሞ የወጣ፣ አንጓ የበዛበት አንድ ቅርንጫፍ ፊት ቆሙ። እንዲህ ያለው ከነቆልማማው የበቀለ ስለሆነ ቢመቱበት አይዘረጋም አሉት። የኔዓለም በዚያ ክንዱ ሲቆርጠው ፀሐይ አዘቀዘቀች። አያ ታረቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዩት እንጂ አላገዙትም።

ሲጨርስ ኅዳር እንደገባ፣ እርጥብ እንጨት እስከ ገና በደንብ እንደማይደርቅ፣ ለከርሞ ቢያቆየው እንደሚሻል መከሩት።

"ሠላሳ ስድስት ዓመት አቆይቻለሁ፣ አያ ታረቀ። ከእንግዲህ ከርሞ አልልም" አላቸው።

ዱላው ማድቤት ከምድጃው በላይ ተሰቀለ። ጠዋት ጠዋት ሞራ እየቀባ ያገላብጠዋል፤ ከዚያ ሱቁን ሳይከፍት መስክ ወርዶ በፊተኛው የወይራ ዱላ ብቻውን ይሮጣል። አንድ ቀን ለምሳ ሲመጣ የአሰገደች እጅ ሞራ ሞራ ሸተተው። ለካ እሱ ሱቅ ሲውል እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ እሷም ስትቀባው ኖሯል። የዚያን ቀን ምሳው ጣፈጠው።

የገና ዕለት ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲወርድ ሰፈርተኛው መቋሚያህን ይዘህ ማሕሌት ልትቆም ነው ወይ እያለ ተሳለቀበት። እሱ መንገዱን ቀጠለ። መስኩ ላይ ደርሶ እንደ ቆመ ግን የሠላሳ ስድስት ዓመት ልማድ ሥራውን ሠራ፤ ተጫዋቾቹ ሳያስቡት ኮታቸውን እያወለቁ እግሩ ሥር ከመሩት። ስልኩም ቁልፉም ተከተለ። ጌቾ ክምሩን አየ፣ የኔዓለም እጅ ላይ ያለውን ዱላ አየ።

"ታዲያ ልብሱን ማን ይጠብቅ?" አለ።

ሁሉም የኔዓለምን አዩት። የሱም ጉልበት ሊቀመጥ ሲታጠፍ ተሰማው፣ ደነገጠ። ከዚያ ቀና አለና ኮቱን አወለቀ። ክርኑ ሸሚዙ ውስጥ እንደ ጉጥ ተገትሮ ለሁሉም ታየ። ኮቱን ከሁሉም በላይ አስቀመጠው።

"የምታገኙት ሰው የኔንም አብሮ ይጠብቅልኝ" አለ።

ከሰዉ መሀል አያ ታረቀ በከዘራቸው እየተደገፉ ብቅ አሉ። ስንት ዓመት ያልረገጡት መስክ ነው። ክምሩ አጠገብ ተቀመጡና ስልኮቹን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ። ጥንጓ ተጣለች፣ የኔዓለምም ሮጠ።

የላይኛው ሰፈር የዚያን ቀን ተሸነፈ። የኔዓለም ጥንጓን ያገኛት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዷን ግን ከመስኩ ወገብ እስከ ታችኛው ሰፈር ጫፍ ሰደዳት፣ ዱላውም አልተዘረጋም። ጨዋታው ሲያልቅ በላብ ተጠምቆ እንደ ሌላው ሰው ወደ ክምሩ መጣ። አያ ታረቀ አንድ ኮት በአጭሩ እጅጌው አንጠልጥለው ይህ የማን ነው ብለው ጠየቁ።

"የኔ ነው" አለና ሰው ሁሉ እያየው ለበሰው።