ሽፋሽፍቴን ነቅዬ የሄድኩበት ጠዋት

ወገኖቼ፣ ጌታ በእኔና በእናቴ ዓይን ላይ ያደረገውን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። በቃሌ ልናገር ብል እንባ እንደሚቀድመኝ ስለማውቅ ጽፌው መጥቻለሁ፤ እስካነብላችሁ ታገሡኝ። ይህን ደቃቅ ጽሑፍ ሳልጨናበስ ማንበቤ ራሱ ምስጋና ነው። ስሙ ይባረክ።

ለማታውቁኝ፣ ትርንጎ እባላለሁ። እዚህ ሐዋሳ መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ እኖራለሁ። አገሬ ግን ሩቅ ነው። ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው በኩል ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ደጋ ነው። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ፊት ላይ ይበትነዋል፤ ውኃው ደግሞ ቁልቁል ነው። ውኃ ቁልቁል በሆነበት አገር ፊት መታጠብ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ተሸክመሽ ያወጣሽው ውኃ ለመጠጥና ለድስት ነው፤ የሕፃን ፊት “ይደርሳል” ይባላል። ዝንቡ ግን ይደርሳል ብሎ አይጠብቅም፣ ከአንዱ ልጅ ዓይን ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል።

እኛ አገር አንገታቸው ላይ ወረንጦ ያንጠለጠሉ ብዙ ሴቶች ታያላችሁ። ለእሾህ አይደለም። የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ሲወጋ የሚነቅሉበት ነው። ሕመሙ ትራኮማ እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው፤ እኛ “ዓይኔን ይወጋኛል” ብለን ነው የምናልፈው። ከልጅነት ጀምሮ እየደጋገመ ያማል፣ የዓይን ቆቡን ውስጥ እያቆሰለ ጠባሳ ይተውበታል፣ ጠባሳው ሲኮማተር ፀጉሩን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ከዚያ ዓይን በከደኑና በገለጡ ቁጥር ብሌኑ ይፋቃል። እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱ ከማውቃት ጀምሮ እንዲህ ነበረች። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ እጃቸው ቀላል ስለሆነ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ዓይን እሳቸው ደጅ ነው የሚሰበሰበው። “አብሽሪ፣ አንዲት ናት የቀረችው” ይላሉ፣ ገና ምኑም ሳይነካ።

ደግሞም ወግ አለው። ሰው ፊት ሲቀረብ ሽፋሽፍት ተነቅሎ ነው የሚቀረበው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል፣ የሚያነባና የሚጨናበስ ዓይን ይዞ መውጣት ራስን እንደ መጣል ይቆጠራል። እኔ ይህን ወግ ይዤ አደግሁ፤ ሐዋሳም ስመጣ ከልብሴ ጋር ይዤው መጣሁ።

እዚህ መስፋት ከጀመርኩ በኋላ የእኔም ዓይን ይወጋኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ መስታወት ፊት ቆሜ አንድ በአንድ እነቅላለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ እወጣለሁ። ባለሙያዎቹ ያዩኛል። ቀላ ብሏል ይላሉ፤ አቧራ ይሆናል፣ መርፌ ላይ ማፍጠጥ ይሆናል ብለው ቅባት ይሰጡኛል። ምን ያድርጉ። የሚወጋኝን ነገር እኮ ቤቴ ጥዬላቸው ነው የምሄደው።

በዚያ ዘመን ጎረቤቴ አበበች ወደዚህ ጉባኤ አመጣችኝ። መዝሙሩ ደስ አለኝ፣ እጄን አነሣሁ፣ ጌታን ተቀብያለሁ አልኩ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሽማግሌዎች “ምን እንጸልይልሽ?” ሲሉኝ ሁልጊዜ “ለአገር ሰላም” ነበር የምለው። ለአገር ሰላም መጸለይ መልካም ነው። ዓይኔ ግን እዚያው ነበር። ልቤም እዚያው ነበር።

አንድ ቀን ወንድሜ ከአገር ደወለ። የእናታችን አንደኛው ዓይን ፈጽሞ ነጥቷል አለኝ። የቀረው ደግሞ እያነባ ነው፤ ከደጃፉ ምሰሶ ጋር ተጋጭታ ግንባሯን ተፈንክታለች። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ መካነ ሰላም ላይ የዓይን ቆብ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች እንደሚመጡ ነግራት ነበር፤ እሷ ግን እምቢ ብላለች። የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ ሂጂ ቢሏት፣ “አባቴ፣ የእርስዎ ዓይን ደህና ስለሆነ ነው” ብላ መለሰቻቸው አለኝ። “አንቺን ካልሰማች ማንንም አትሰማም” አለኝ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ደሴ አድሬ፣ በአቀስታ በኩል አድርጌ ቤት ስደርስ እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው።

“ከስተሻል” አለችኝ።

“አይተሽኝ ነው እማ?”

“በእጄም ቢሆን አውቃለሁ።”

ከዚያ ስለ እናንተ ጠየቀችኝ። እዚያ የምሄድበት ቦታ ጸሎት ነው ወይ አለችኝ። ጸሎት ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ “እንግዲያ ጸልዪልኝ፤ ቢላዋ ግን አታምጪብኝ” አለች። ዓይን የፈጣሪ ነው፣ ብረት አይገባበትም ባይ ናት። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት። በመጨረሻ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

“አንቺንም ይወጋሻል። ለኔ አትደብቂኝ፣ እኔ ነኝ የወለድኩሽ። አንቺ ከቀደምሽ እከተልሻለሁ።”

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእሷ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነኝ። በዓይኔ ነው እንጀራዬን የምበላው። ግን እሺ አልኳት።

በሄድንበት ጠዋት እትዬ ዘይነባ ሊመርቁን መጡ። መርቀው ሲጨርሱ ወረንጦውን አወጡ። “ሐኪም ፊት እንዲህ ሆናችሁማ አትቀርቡም” አሉና ሁለታችንንም ነቀሉን። እኛም አመሰገናቸው። ከወንድሜ ጋር እናቴን በበቅሎ እስከ መኪናው መንገድ አድርሰን፣ በሚኒባስ መካነ ሰላም ገባን።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ በባትሪ መብራት ሰልፉን እያየች ታሳልፋለች። የእናቴ ጠባሳ ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ ወዲያው “እናቴ፣ እርስዎ ይግቡ” አለቻት። እኔን አየችኝ፣ ሰልፉም ረጅም ነበር፣ “ያንቺ ደህና ነው እህቴ፤ ትንሽ ቅላት ነው፤ ቅባት ትወስጃለሽ” አለችኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። “በይ እንግዲህ። አንቺ አልገባሽም፣ እኔም አልገባም። ቃሌን ጠብቄያለሁ” ብላ ወደ በሩ ዞረች። ልጅቷ ተከትላት ለመነቻት፤ የቀረው ዓይንም ከጠፋ በኋላ ይህ ሕክምና አይመልሰውም አለቻት። እናቴ አልቆመችም። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ሄደች።

ያን ግድግዳ የሚዳብስ እጅ አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ትመለሳለች። ቃሉን ግን የአገሬ ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማዋል፤ ከነሱ ውስጥ ቤተሰቤን የሚያውቁ አሉ። እኔ ደግሞ ከከተማ የመጣሁ፣ ቀሚሴን ራሴ የሰፋሁ፣ ሁሉ ነገሯ የተስተካከለ ሴት ነኝ። በልቤ “ጌታ ሆይ” ብቻ አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ከዚያ አፌ ተከፈተ።

“ነቅዬ ነው የመጣሁት” አልኩ። “ዛሬ ጠዋት ነቅያለሁ። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ሁልጊዜ ነቅዬ ነው የምሄደው።”

ሳቅ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አንዲት አሮጊት “ኧረ እኔም ነቅዬ ነው የመጣሁ” አሉ። ሌላዋም “እኔም” አለች። ወዲያ ማዶ ያለች ሴት እህቷን እየጠቆመች፣ “ይቺ ደግሞ ትናንትም ዛሬም ነው” አለች። አንድ ሽማግሌ “ወላሂ፣ እዚህ ያልነቀለ ካለ እጁን ያውጣ” ሲሉ ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሃሌ ሉያ። ያ ሁሉ ዘመን ብቻዬን የደበቅሁ መስሎኝ ነበር እኮ።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ነርስ ሳቁን ሰምቶ ብቅ አለ። ነገሩን ሲነግሩት ራሱን ያዘ።

“ለእንግዳ ቤት ትጠርጋላችሁ፣ ደግ ነው” አለ። “እኔ ግን እንግዳ አይደለሁም። የመጣሁት ለጉድፉ ነው። ጉድፉን ጠርጋችሁ ብትጠሩኝ ምን ልሥራላችሁ?”

ሰልፉ እንደገና በማጉያ መነጽር ይታይ አለ። ደህና ናችሁ ተብለው ከወጡት ተመልሰው የገቡ ነበሩ። የኔንም ቆብ ገልብጦ የተነቀለውን ፀጉር ሥሩን አገኘው። ብሌኔ መጫር ጀምሯል፤ ብዙ ባልቆይ መልካም ነው አለኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

“ትርንጎ፣ ገባሽ?” ብላ ተጣራች።

“ገባሁ እማ።”

“እንግዲያ ቦታዬን ያዢልኝ።”

አልጋው ላይ ስተኛ ነርሱ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኩት። “ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ልብስ ምን ታደርጊዋለሽ?” አለኝ። ተርትሬ ወደ ውጭ መልሼ እሰፋዋለሁ አልኩ። “የኔም ሥራ ያው ነው” አለ። የማደንዘዣው መርፌ ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ከዚያ በኋላ መጎተት እንጂ ሕመም አልነበረም። እናቴ ተራዋ ሲደርስ ከውጭ ሆኜ እሰማት ነበር፤ ክሩ ደህና ክር ነው ወይ፣ ልጄ ሙያውን ታውቃለች እጠይቃታለሁ እያለች ነርሱን ታስቀው ነበር።

ዓይናችን ታሽጎ፣ ወንድሜ እየመራን አንድ ጥግ ላይ ተቀመጥን። ወገኖቼ፣ ጌታ የያዘኝ እዚያ ነው። ጨለማ ውስጥ ሆኜ ያ የነርሱ ቃል አልለቅ አለኝ። እኔ ጌታ ፊትም እየነቀልኩ ነበር የምቀርበው። ሳዝን አጥቤው፣ ስፈራ ከድኜው፣ ብቻዬን መሆኔ ሲከብደኝ አስተካክዬው ነበር የምመጣው። እሱ ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ የመጣው ለጉድፉ ነው። “ጌታ ሆይ፣ ይኸው እንዳለሁ” አልኩት። የሚወጋኝን ሁሉ በስሙ እየጠራሁ ነገርኩት። ከዚያ በፊት ጉባኤውን ነበር የተቀበልኩት፤ በዚያ ቀን ጌታን ተቀበልኩ። ደረቴ ላይ የነበረ አንድ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። ስሙ ይክበር።

እናቴ በክርኗ ነካችኝ። “ምንድን ነው የምታንሾካሽኪው?”

“እየጸለይኩ ነው።”

“ለኔም ጨምሪበት።”

በማግስቱ ማሸጊያውን ሲያነሡላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ዓይኗ ያነባል፣ ግን እንደ ድሮው ከመወጋት አይደለም። “አይወጋኝም” አለች። ደጋግማ ከደነች፣ ገለጠች። “አይወጋኝም እኮ።” ከዚያ ጠጋ ብላ መረመረችኝና፣ “አንቺ ልጅ፣ አርጅተሻል እንዴ?” አለች። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እሷ አማተበች፣ እኔ እጄን አነሣሁ፤ ቤት ስንደርስ እትዬ ዘይነባ “አልሐምዱሊላህ” ብለው አቀፉን።

ምስክርነቴን ላሳምር ብዬ ያልሆነውን አልጨምርም። የነጣው ዓይኗ አልተመለሰም። ሕክምናው የቀረውን ነው ያዳነላት፤ እኛም ስለ ቀረው አመሰገንን። ነርሱም ሲያሰናብተን ፀጉሩ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፣ ሲቆረቁራችሁ ወረንጦ ሳትነኩ ቶሎ ኑ ብሎናል። ለልጆቹ ደግሞ ጥቂትም ብትሆን በየቀኑ ለፊት የሚሆን ውኃ አስቀሩ፣ ሳሙና ካለ በሳሙና፤ የአንዱን ዓይን በጠረጋችሁበት ጨርቅ የሌላውን አትጥረጉ፤ መጸዳጃ ቤት ይቆፈር፣ ዝንቡ ይራቅ፤ ለቀበሌው የሚታደለው ኪኒን ሲመጣ ማንም አይቅር አለን። አንዳንዶቻችሁ ጌታ ነው ወይስ ሐኪም ያዳነሽ ብላችሁኛል። እኔ አላጣላቸውም። ያንን የነርስ እጅ ማን ሠራው? ለጸሎት እንበረከካለሁ፣ ለቀጠሮዬም ሰዓት አከብራለሁ።

ዛሬ መርፌዬ ውስጥ ክር የማስገባው ራሴ ነኝ። እናቴ በየጠዋቱ የልጅ ልጆቿን አሰልፋ ፊታቸውን ታጥባለች፤ የሚሸሽ ካለ በዓይኗ ተከታትላ ትይዘዋለች። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

“ወደ መካነ ሰላም የሚሄደውን ሚኒባስ ከደጄ ቆሜ አየሁት” አለችኝ። “ሴቶች ልኬበታለሁ። ሳይነቅሉ ነው የሄዱት። ሚኒባሱ ላይ ያሳፈረቻቸው ማን መሰለሽ? ዘይነባ ራሷ ናት።”

ወገኖቼ፣ የምታምኑት ጌታ ጉድፍ አይጸየፍም። ዓይናችሁ ከሆነ፣ ግፊት ወይም ስኳር ከሆነ፣ ለማንም ያልነገራችሁት የልብ ነገር ከሆነ፣ ለእሱ ንገሩት፤ ለሐኪም የሚነገረውንም ለሐኪም ንገሩ። ዛሬ ከጸሎት በኋላ በሩ አጠገብ እቆያለሁ። ብቻዬን ልሄድ ፈራሁ የምትል እህት ካለች ትምጣ፤ ነገ ከሥራዬ አስፈቅጃለሁ፣ አብሬያት እሄዳለሁ። ምስጋና ሁሉ የጌታ ይሁን። አሜን።