ሰባቱ ሰማያዊ ብስክሌቶች

ከጎቢንዶፑር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ግድግዳው ቀርከሃ የሆነ ሰፊ ዳስ አለ። ካልካታ ውሎ የሚገባ ሠራተኛ ጎህ ሲቀድ ብስክሌቱን እዚያ ጥሎ ባቡሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ማታ መጥቶ ይወስዳል። የዳሱ ባለቤት ቢንዱባላ ናቸው። ካርድ አይሰጡም፣ ቁጥር አይጽፉም። ትልቁም ትንሹም «ማሺ» ይላቸዋል፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

ደንባቸው አንድ ብቻ ነው፤ ብስክሌት አይቆለፍም። መቶ ሃያ ብስክሌት ተጠጋግቶ ሲቆም የተቆለፈውን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ማሺ ባለቤቱ በየትኛው ባቡር እንደሚመለስ እያሰቡ ሲያዘዋውሩ ይውላሉ፤ ቀድሞ የሚመጣው ከፊት፣ የሚያመሸው ከኋላ። አዲስ ደንበኛ ሲያመነታ፣ «ቁልፉ እኮ እኔ ነኝ! ሂድ፣ ባቡሩ እንዳያመልጥህ» ይሉታል።

በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ብስክሌት አልጠፋባቸውም። አምና ከሐዲዱ ማዶ ካሜራ የተሰቀለበት ማቆሚያ ሲከፈት እንኳ ከደንበኞቻቸው ማንም ንቅንቅ አላለም።

ማንም ያላወቀው ዓይናቸውን ነበር። ሞራ እየጋረደው ሁለት ክረምት አልፏል። ሰውን በድምፁ፣ ብስክሌቱን በእጃቸው ነበር የሚለዩት። ለማን ይናገሩታል? ዓይኑ የማያይ ዘበኛ ላይ ማን ንብረቱን ይጥላል?

ከሁሉ የሚያስቸግሯቸው ሰማያዊዎቹ ነበሩ። መንግሥት ለተማሪ ያደላቸው፣ ቀለማቸው አንድ፣ ደወላቸው አንድ፤ ልጆቹ ትምህርት ሲጨርሱ እናትና አባት የሚነዷቸው። ዳሱ ውስጥ ሰባት ነበሩ። ባለቤቶቹ እንዳይቀያየርባቸው መሪው ላይ ምልክት አስረዋል፤ አንዱ የሳሪ ቅዳጅ፣ ሌላው የጫማ ክር። ማሺም የሚዳብሱት ያንኑ ነበር።

የሠራተኞች አምላክ የቪሽዋካርማ በዓል መጣ። በዚያ ቀን መሣሪያ ያለው ሁሉ መሣሪያውን አጥቦ አበባ ያለብሰዋል። ማሺም እንደየዓመቱ ብስክሌቶቹን አጠቡ። አዳፋ ጨርቅ በአምላክ ፊት ነውር ነው ብለው ቅዳጁንም ክሩንም ፈትተው ጣሉ፤ በምትኩ ለሁሉም ቢጫ የአበባ ጉንጉን አጠለቁ። ድሮ ጭረታቸውን አይተው ይለዩዋቸው ነበር። የዘንድሮው ዓይን የድሮው አለመሆኑ ትዝ ያላቸው የመጨረሻውን ጉንጉን ካጠለቁ በኋላ ነው።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ማላቲ ከባቡር ወረደች። ከተማ በሰው ቤት ምግብ አብሳይ ናት።

«ማሺ፣ የኔይቱን ያምጡልኝ! እግሬ አልቋል።»

የቀረችው ሰማያዊ አንዲት ብቻ ነበረች። ማላቲ ወጣችባት፣ ወዲያው ወረደች።

«ይቺ የኔ አይደለችም። የኔይቱ ፍሬኗ ጠማማ ነው።»

«በደንብ እያት፤ አበባው አሳምሯት ነው።»

«አበባ ፍሬን ያቃናል እንዴ፣ ማሺ?»

በሩ ላይ ባጂያ ጠብሶ የሚሸጠው ኒማይ ሰምቶ ጮኸ። «ሌባ ነው! በበዓሉ ግርግር ገብቶ ነው። በእሳቸው ማን ይፈርዳል?»

ማሺ ነገሩን መዘኑ። ሌባ ከተባለ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ይጎድፋል፤ ዓይናቸው ግን ተሸሽጎ ይቀራል። ሰውም ያዝንላቸዋል።

ማላቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ በእግሬ ከሄድኩ የንጋቱ ባቡር ያመልጠኛል። እመቤቴ ደግሞ በምትኬ ሌላ ለማስገባት ሰበብ ነው የምትፈልገው።»

ማሺ ብስክሌቷን ይዳብሱ ጀመር። ኮርቻዋ ከፍ ያለ፣ የቀኝ እጀታዋ የተላጠ። በአስራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ያ ሁሉ ሰው ባይጋፋ ኖሮ ያኔውኑ ይለዩዋት ነበር።

«ይቺ የልብስ ሰፊው የሃልዳር ናት» አሉ። «ሌባ የለም፤ ያንቺን ለሱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም፣ ማላቲ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

ኒማይ ማማሰያውን እንደያዘ ቀረ።

ማሺና ማላቲ ሃልዳርን ቤቱ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የፈካ ሩዝ ሲቆረጥም አገኙት።

«የማንን ብስክሌት ነድተህ ነው የመጣኸው?» አሉት ማሺ።

«የራሴን ነዋ!» ተነሥቶ አየ። «ወይ ጉድ! ለካ ጉልበቴ ከመሪው ሲጋጭ የመጣው ለዚህ ነው! እኔ ደግሞ የበዓል ምግብ አብዝቼ መስሎኝ።»

«ጠማማውን ፍሬንስ አላየኸውም?» አለችው ማላቲ።

«ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ፍሬን ይይዛል?»

ሁለቱ ሳቁ። ማሺ አልሳቁም።

በማግሥቱ ማሺ ሳይነጋ ዳሳቸው በር ላይ ተቀመጡ። ወሬው እንደሆነ ቀድሟቸው አድሯል። መጀመሪያ የሰሙት የደንበኛቸውን የባንኩን ጸሐፊ ብስክሌት ነው፤ ሰንሰለቱ ሲጥ ሲጥ እያለ በበራቸው አለፈና ሐዲዱን ተሻግሮ ወደ ባለካሜራው ማቆሚያ ሄደ። ቀጥሎ ደወል ተሰማ።

«ማሺ፣ እጅዎን ያምጡ» አለች ማላቲ። መሪው ላይ አዲስ ጨርቅ ታስሯል፤ ሦስት ጠንካራ ቋጠሮ አለው። «ሦስት ቋጠሮ እኔ ነኝ። ለሌሎቹ ሃልዳር የተለያየ አዝራር ይሰፋላቸዋል። ለከርሞ ደግሞ ለአምላክ ብለው ይፍቱትና እንተያያለን! እሑድ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ እምቢ አይበሉኝ።»

ማሺ ብስክሌቷን ተቀብለው ከማታው የአንድ ሰዓት ባቡር ረድፍ አስገቧት። ከዚያ በኋላ የመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ በድምፃቸው ቆጠሩ፤ ከጸሐፊው በቀር ሁሉም መጥተዋል። የሱን ሰንሰለት በበዓሉ ቀን ዘይት ሊቀቡለት አስበው ነበር። ረስተውት ነው።