በእግር ጣት የተለካ ቀሚስ

ልብስ ሰፊ ፊት ስቆም አንድ ልማድ ነበረኝ። ቀኝ እግሬ ከግራው ያጥራል፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቀጭን ነው፤ የምሄደውም በክራንች ነው። ሜትሩ ወገቤ ላይ ሲጠመጠም ግን በቀኝ እግሬ ጣቶች ቆሜ ትከሻዬን አስተካክላለሁ። ሰፊው «ጎሽ፣ ቀጥ በይ» ይላል። ቀጥ እላለሁ። ልብሱም ቀጥ ላለችው ልጅ ይሰፋል። ችግሩ፣ ያቺ ልጅ ከሱቁ በረንዳ ወርዳ አታውቅም። ወደ ቤት የምሄደው እኔ ነኝ። ቀሚሱ በቀኝ በኩል መሬት ይጠርጋል፣ ክራንቼ ይረግጠዋል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ የሶዶን ጭቃ ግማሹን ተሸክሜ ቤት እገባለሁ። ስለዚህ የቀኙን ጎን ሰብሰብ አድርጌ ወገቤ ላይ እሸጉጠዋለሁ። እንዲያም ሆኖ አጭር ልብስ አሰፍቼ አላውቅም። ረጅሙ እግሬን ይሸፍንልኛል ብዬ ነዋ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ስፌት እንድማር ገበያው አጠገብ ያሉ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰደችኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ነው የወረሱት፤ በወላይትኛ ሲቀልዱ ግን እኛንም ያስንቃሉ። በረንዳቸው ላይ ማንም የማይነካት አሮጌ የስፌት መኪና ነበረች፣ በእግር የምትረገጥ።

«በአንድ እግር ይሆናል ጋሼ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ፤ መኪናዋን ጠይቂያት» አሉ።

ጠየቅኋት። መጀመሪያ እምቢ አለች። በግራ እግሬ ብቻ ስረግጣት መንኮራኩሯ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩን ትበጥሰዋለች። እኔ እቀጥላለሁ፣ እሷ ትበጥሳለች። ኋላ ላይ መላው ገባኝ፦ መንኮራኩሩን በእጄ ወደ ፊት ገፋ አድርጌ ማስነሳት፣ ከዚያ እግሬ ይከተላል። አንዴ ከተነሳች አንድ እግር ይበቃታል። የዚያን ቀን የትራስ ልብስ ሰፍቼ ገባሁና እናቴ ለጎረቤት ሁሉ አሳየችው።

መስከረም ሲደርስ አክስቴ ከቦዲቲ ዱንጉዛ አመጣችልኝ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የኛው የወላይታ ሽመና። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን መሆኑ ነው። በጊፋታ የሰፈራችን ልጃገረዶች ዱንጉዛ ለብሰው ሜዳ ላይ በክብ እየዞሩ ይዘፍናሉ። እኔ በየዓመቱ ዳር ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ በረጅም ቀሚስና በክራንች እዚያ መሃል መግባት ራስን በራስ መጥለፍ ነው። ዘንድሮ ግን ልገባ ቆርጫለሁ።

«ለጋሼ እንስጣቸው ልጄ፤ ሌላ ዱንጉዛ የለንም» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ የምሰፋው።»

«ብታበላሺውስ?»

«የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ለብሼ እወጣለኋ።»

በዚህኛው በጣቴ አልቆምኩም። መስመሮቹን አግድም አድርጌ ሰፋሁት፤ ለበስኩትና እንደ ልማዴ ወደ ቀኝ ዘንበል ብዬ ቆምኩ። እናቴ ተንበርክካ ከመሬት በስንዝር እየለካች ዙሪያውን በጠመኔ ምልክት አደረገችልኝ። በምልክቱ ላይ ቆረጥኩት። ጫፉ ከመሬት እኩል ሆነ። ደስ ብሎኝ ወደ መስታወቱ ዞርኩ፤ ደስታዬ እዚያው ቀረ። የታችኛው ቢጫ መስመር በግራ ሰፊ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ እየቀጠነ ጭራሽ ይጠፋል። ጫፉ ቀጥ ሲል ዱንጉዛው ተንጋደደ።

እንደለበስኩት ጋሼ ጋ ሄድኩ። በሩ በደንበኛ ተሞልቷል፣ የጊፋታ ሥራ እስከ አንገታቸው ደርሷል። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ይሄ ዱንጉዛ ከቦዲቲ ነው የመጣው ወይስ ከዳሞታ ተራራ ተንሸራቶ?»

ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሯል። ጋሼ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው ይቅለልልኝና አብረን እናየዋለን» አሉ። ሰው እንደማይቀልላቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ቤት ስመለስ ካፊያ ጀመረ። ጭቃው ጋ ስደርስ እጄ ሳላዘው የቀሚሱን ቀኝ ጎን ሰብስቦ ወገቤ ላይ ሸጎጠ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስመሮቹ ተስተካክለዋል። ከቆረጥኩት ጫፍ በላይ ቢጫው ቢጫ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ዙሪያውን እኩል። ዘንበል ያለውን ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ከወገቡ ነበር መቀነስ የነበረብኝ። ይህንንማ እጄ ስንት ዓመት ሲሠራው ኖሯል። መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋብኝ።

«እህቴ፣ መንገዱን ገዝተሽዋል እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«ዛሬ ገዛሁት» አልኩትና ዳር ያዝኩ።

ቤት ገብቼ ወገቡን ፈታሁት። በቀኝ በኩል ከላይ ቀነስኩ፤ ቀደም ብዬ ያበላሸሁትን ጫፍ ደግሞ መስመሩን ተከትዬ አስተካከልኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስታይ ቆየች።

«ከጉልበትሽ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው የሚቀረው» አለች ቀስ ብላ። «እግርሽ ይታያል።»

«ይታይ እንግዲህ፣ የራሴ አይደል?»

ይህን ያለው አፌ ነው። ልቤ ገና ረጅሙን ቀሚስ እንደለበሰ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ቀሚሱን ገልብጠው የወገቡን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱ። «ከላይ ቀነስሽው?» አሉ። «ከላይ» አልኩ። «እህ» አሉና የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እንድተክል ሰጡኝ። ከዚያ በፊት የሰው ሸሚዝ ሰጥተውኝ አያውቁም ነበር።

በጊፋታ ዕለት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ ያገኘኋት የጎረቤታችን ልጅ፣ ጓደኛዬ ናት። «ዮ ዮ ጊፋታ» ብላ እንኳን አደረሰሽ አለችኝ። ዓይኗ እግሬ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ቀሚሱ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ።

«ማን ሰፋልሽ?»

«እኔ።»

«ውሸታም።»

«ወገቡን አገላብጠሽ እዪው።»

እጄን ይዛ ወደ ሜዳው ጎተተችኝ፤ ገባሁ። የሚጎተት ነገር የለ፣ ክራንቼ የሚረግጠው የለ። ጭብጨባው ሲሞቅ ክራንቼም አብሮ መሬቱን መምታት ጀመረ። እግሬን ያየ ሰው ነበር ይሆናል፤ እኔ ግን የፊተኛዋን ልጅ ጫማ እየረገጥኩ ይቅርታ ስል አላስተዋልኩም። ድምፄ እስኪዘጋ ዘፈንኩ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ጓደኛዬ ጨርቅ ይዛ ጋሼ በረንዳ ላይ መጣች። «የኔንም እንደ ቀሚስሽ አሳጥረሽ ስፊልኝ» አለች። ሜትሩን ወገቧ ላይ ስጠመጥም ሆዷ ወደ ውስጥ ገባ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም።»

«ትንፋሽሽን ልቀቂ።»

«አልያዝኩም» አለች፣ ትንፋሽ ሳታወጣ።

ጋሼ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ ሳቁ። እኔ ሜትሩን ላላ አድርጌ ይዤ ጠበቅኋት። ቆይታ ቆይታ እሷም ሳቋ አመለጣት፤ ምሳ የበላችበት ሆድም ወደ ቦታው ተመለሰ። ያኔ ለካኋት።