ድምፅ የሌለው ፊልማችን

የባትሪ ቻርጀር ሲግል የሚያወጣውን ሽታ ታውቀው ይሆናል፤ የተቃጠለ ሳይሆን ሊቃጠል የደረሰ ፕላስቲክ ይሸታል። ዛሬ የሰርግ ቪዲዮ ስቆራርጥ ያ ሽታ መጣና እጄ ቆመ። ቀጨኔ፣ የጓደኛዬ እናት ግቢ ታየኝ።

ያኔ ትምህርት ጨርሰን ሥራ አላገኘንም። አጭር ፊልም መሥራትን ከስልክ እያየን ነው የተማርነው። በውሰት ያገኘናት ካሜራ ቻርጀሯ እየጋለ እንዲሁ ይሸት ነበር፤ ማይኳም ተበላሽቶ ድምፅ አትቀዳም። እኔ ስበሳጭ ጓደኛዬ ይስቃል።

"ባክህ ተወው! ኤክስፔሪመንታል፣ የሙከራ ፊልም ነው እንላለን፤ ማን ይጠይቀናል?"

አሁን ጥሩ ማይክ አለኝ። የማላውቃቸውን ሙሽሮች ሳቅ አጥርቼ እቀዳለሁ።

ፊልሙ የራሱን ልቅሶ ተኝቶ ስለሚያዳምጥ ወጣት ነበር። ሟቹ እሱ፣ ካሜራ ያዡ እኔ። ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ አጋደምኩትና በእናቱ ነጠላ እስከ ግንባሩ ሸፈንኩት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ጠበቅሁ፤ ብርሃኑ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳዎች እየሾለከ ነጠላው ላይ ጠብ ጠብ አለ። እንደዚያ ያለ ብርሃን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ችግሩ፣ መተንፈሱ ያስታውቅ ነበር።

"ሆድህ!" እላለሁ።

"ታዲያ ልሙትልህ?" ይላል ከነጠላው ሥር።

እናቱ ከአዲሱ ገበያ የተመለሱት ያን ጊዜ ነው። በሩን ከፍተው አዩት። ዘንቢላቸው ወደቀ፤ ሽንኩርቱ እግሬ ሥር ድረስ ተንከባለለ። ወዲያው ሲንቀሳቀስ አይተው ሮጡና ነጠላውን ገፈፉት።

"ተነስ! ሞትን በስሙ ትጠራዋለህ? ሟርተኛ!" ወደ እኔም ዞሩ። "አንተም! ደህና ልጅ መስለኸኝ።"

እሱ እየሳቀ ተነስቶ አቀፋቸው። እሳቸው ግን እየተቆጡ ሽንኩርቱን መልቀም ጀመሩ። ፊልሙ እዚያው ላይ ቀረ።

በዓመቱ፣ ክረምት ሲገባ፣ ጓደኛዬ ታመመ። ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም። በቀብሩ ዕለት ከሰው ኋላ ቆምኩ። እናቱ ካዩኝ ሟርቱ ደረሰ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያም በኋላ በደጃቸው ላለማለፍ በጭቃው ቁልቁለት እዞር ነበር።

አርባው ከወጣ በኋላ አስጠሩኝ። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ።

"ያን ቀን ያነሳኸው አለ?"

"አለ፣ እማማ። ግን... እ... ማለቴ፣ የተኛበት አለበት። እሱን ቆርጬ ላምጣልዎት።"

"አትቁረጥብኝ።"

አጠገባቸው ተቀምጬ ከፈትኩት። ተሸፍኖ ሲያዩት አላለቀሱም፤ ጉልበታቸውን ብቻ ጨበጡ። በድንጋጤ ካሜራዋን ሳላጠፋ ቀርቼ ኖሮ፣ የቀረው ሁሉ አለ። ነጠላው ሲገፈፍ፣ እሱ ሲነሳ፣ ሲያቅፋቸው፣ አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠግቶ ሲናገር።

እናቱ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

"ድምፁስ?"

"የለውም፣ እማማ። ካሜራዋ አትቀዳም።"

"ምን ነበር ያለኝ? እኔ በንዴት አልሰማሁትም።"

እኔ ሰምቼው ነበር። መልሼ ከፈትኩት። ከንፈሩ እስኪንቀሳቀስ ጠብቄ፣ እኩል ከእሱ ጋር፣ ቀስ ብዬ አልኩላቸው።

"እማዬ፣ አለሁ እኮ። ምን ያስፈራሻል?"

ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

"ድገምልኝ" አሉኝ።