የደምሴ ቋንቋ

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ብርሃን ገበያ ወደ ቤቴ ልመለስ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ጥቅምት ነበር፤ ጧት በውርጭ የደነዘዘ ጣት እስከ እኩለ ቀን የማይፍታታበት ወር። ከጎኔ አንዲት ወጣት ተቀመጠች፤ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አቆመችና በእጇ ማውራት ጀመረች። ስልኩ ውስጥ ያለው ጎረምሳም በእጁ ይመልስላታል። ጣቶቿ ይሮጣሉ፣ ቅንድቧ ይነሳል ይወድቃል፣ መሀል ላይ ያለ ድምፅ ትስቃለች። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን የእጅ ወሬ ሳይ ራሴን መግዛት አልችልም፤ እኔ አፌን የፈታሁት በሁለት ቋንቋ ነው፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ የእጅ። አንገቴን አስግጌ ተመለከትኩ።

አንዲት ቃል እንኳ አልገባኝም።

«እማማ፣ የሚሉት ይገባዎታል እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

«ድሮ ይገባኝ ነበር።»

«ይሄኛው እኮ ትምህርት ቤት የሚማሩት ነው። የራሱ ፊደል አለው።»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ስልኳን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት በማታውቃት ልጅ ስትቀና ማየት ያስቃል፤ እኔ ግን ቀናሁ። ፊደል ያለው፣ አስተማሪ ያለው፣ በስልክ የሚሻገር የእጅ ቋንቋ! የኛ እኮ ከአንድ ግቢ አይወጣም ነበር። ደግሞ ይህ ቅናት የዛሬ አይደለም፤ እኔና እሱ የቆየን ወዳጆች ነን። የተዋወቅነው በልጃገረድነቴ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወርጄ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ነው።

ወንድሜ ደምሴ በሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ገና ዳዴ ሲል ክፉ ትኩሳት ያዘው፤ ነፍሱ ስትተርፍ ጆሮው ቀረ። መንደሩ «ዱዳው» እያለ ነበር የሚጠራው፤ መጠራቱን እንኳ የማይሰማ ልጅ። እናታችን እንደምትነግረኝ፣ አንድ ቀን ትኩስ የገብስ ቂጣ ቆርሳ ለእኔ ሰጠችኝ። ደምሴ መጣና እፊቴ ቆመ። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አገጩን ወደ ላይ አነሳ። ለእኔስ? ቂጣዬን ገምሼ ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃል ሆነ። በማግስቱ እኔም መልሼ እሱ ላይ አደረግኩት፤ ወተቱን ብቻውን ሲጠጣ አግኝቼው።

መምሬ በሰንበት ስለ ባቢሎን ግንብ ሲነግሩን፣ የሰው ቋንቋ የተለያየው ሰዎች በመታበያቸው ነው ይሉ ነበር። እሳቸውን ማን ይሞግታል? ግን አንድ ቋንቋ ሲጀመር እኔ ነበርኩበት፤ ግንብም አላየሁ። ያየሁት አንድ ቂጣና ሁለት ሆዳም ልጆች ነው።

ከዚያ በኋላማ ቃሉ በዛ። ጣቶችን ከላይ ወደ ታች ማርገፍገፍ ዝናብ ነው። ወገብን በመቀነት እንደሚያስሩ ማድረግ እናታችን ናት። ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝ ምልክት አለ፤ ስለዚህ ጉንጭን በጣት ጫፍ መንካት ስሜ ሆነ። ለእሱ ስም ያወጣሁለት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በቅሎ የረገጠችው ግንባሩ ላይ ጠባሳ ስለነበረው፣ ግንባርን በጣት አንጓ መታ ማድረግ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። ደምሴ አፍ አልነበረውም፤ ጤፉን የምቆላለት እኔ ነበርኩ። ገበያ፣ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ እሱን አይቶ ወደ እኔ ይዞራል፤ «ምን አለ?» ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እናገራለሁ። እንደዚያ የሚያኮራ ሥራ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ከፍ ሲል ሽመና ተማረ። ሸማኔ እጁ ሥራ ላይ ነው፤ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ እጁ መወርወሪያው ላይ። ስለዚህ ደምሴ ሲሸምን ዝም ያለ ሰው ነው። እኔ ስመጣ ግን መወርወሪያውን ያስቀምጥ ነበር። እናታችን ስትመጣ አያስቀምጥም፤ አባታችን ሲመጣ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። መወርወሪያው የሚቀመጠው ለእኔ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን በልቤ ይዤው ነበር።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ፈትል ልንገዛ አብረን ወደ አሊዩ አምባ ወረድን። አንኮበርን ስንለቅ ጉሙ ጥዱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ገብሱ ገና እሸት ነው። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ግን ሌላ አገር ነው፤ ጋቢ ይወልቃል፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፣ መንገዱ በተመጠጠ የጥንቅሽ ልጣጭ ይሞላል። ገበያው ውስጥ አማርኛው፣ አርጎብኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው ሁሉ ባንድ ላይ ይንጫጫል። ነጋዴው ለአንዱ ሰላምታ በአንዱ ቋንቋ መልሶ ሳይጨርስ ከሌላው ጋር በሌላ ይከራከራል። እኔ የደምሴን ክንድ ይዤ ነበር የምሄደው፤ እንዳይጠፋ ሳይሆን የማን አፍ እንደሆንኩ እንዲታወቅ።

ፈትል ከሚሸጡት ሴቶች መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ደምሴ ጎንበስ ብሎ ፈትሉን አነሳና በጣቱ ፈተሸው፤ ቀጭን፣ እኩል፣ ቋጠሮ የሌለው። ዋጋውን በእጁ ጠየቀኝ። እኔ አፌን ከፍቼ ዋጋ ልጠይቅ ስል ልጅቷ በእጇ መለሰችለት። እንደኛ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ነው። ደምሴ ፈትሉን ይዞ ደርቆ ቀረ። በዕድሜው ከእኔ በቀር በእጁ የሚያወራ ሰው አይቶ አያውቅም።

ስሟ ዘርፌ ነው፤ ከገበያው ከፍ ብሎ ካለች መንደር። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። እሷም ከእናቷ ጋር የፈጠረችው የራሷ ቋንቋ ነበራት፤ ከኛ ጋር የሚገጥም ቃል እምብዛም የለውም። ለእሷ ዝናብ ነጠላን በራስ ላይ መሳብ ነው፤ እናት ጡትን መንካት ነው። መጀመሪያ ሁለቱም ግራ ተጋቡ፤ አንዱ ያደርጋል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። እኔም «እሰይ» አልኩ በልቤ። ግን ብዙ አልቆዩም። እየጠቆሙ፣ እየደገሙ፣ እየተሳሳቁ አንድ በአንድ ተቀባበሉ። የኛን ዝናብና የእሷን እናት ወሰዱ። ማን አስፈቅዷቸው? ዝናቡ የእኔ ነው!

ጥጥ ነጋዴው ሰዒድ ሚዛኑን ይዞ ቆሞ ያያቸዋል።

«ወላሂ እህቴ፣ በዚህ ገበያ የሌለ ቋንቋ የለም እል ነበር» አለኝ። «እነዚህ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብለው ሌላ ጨመሩበት!»

«ፈትል ነው የምንገዛው» አልኩት ተቆጥቼ፤ እሱ ምን አደረገኝ?

ከዚያ በኋላ ደምሴ የገበያው ቀን ሲደርስ ሳይቀሰቅሰኝ ብቻውን ይወርድ ጀመር። ሲመለስ እጁ አዳዲስ ቃል ይዞ ይመጣል፤ ይነግረኛል፤ መሀሉ ላይ እጠፋለሁ። ሁሉንም ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ስሙን ነው። አንድ ቀን ስለ ራሱ ሲያወራ ግንባሩን አልነካም፤ ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ጥግ ላይ አደረገ። ሲስቅ የሚሸበሸበውን ቦታ። ዘርፌ ያወጣችለት ስም መሆኑ ነው። በአገራችን ሙሽራ ገና ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች እንጂ፣ ሙሽራ ባሏን ስም ስታወጣለት አልሰማሁም። ደግሞም ምን አለ ጠባሳው? ስንት ዓመት የተጠራበት አይደለም ወይ? ቆይቼ ሳስበው ነው የባሰ ያቃጠለኝ፤ እኔ በሳቁ ስም ያላወጣሁለት እኛ ቤት እምብዛም ስለማይስቅ ነበር።

ከአዝመራ በኋላ ሽማግሌ ተላከ። ጠያቂው ራሱ ሽማግሌ ተከትሎ መሄድ ወጉ አይደለም፤ ግን የዘርፌ አባት አያ ወልዴ «ልጁን ራሱን አምጡትና ልየው» ብለው ላኩብን። ደምሴ ከሄደ ደግሞ አፉ መሄዱ ግድ ነው። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ጠያቂ፣ አንዲት ልጃገረድ ሆነን ወረድን። እንዲህ ያለ ሽምግልና ታይቶ አይታወቅም።

ከበር ገባ ብለን ቆምን።

«አረፍ በሉ» አሉ አያ ወልዴ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

አያ ወልዴ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ልጄ አትሰማም። ልጃችሁም አይሰማም። ሌሊት ሌባ ቢመጣ ማን ይሰማል? ሕፃን ቢያለቅስ ማን ይነሳል? ሐኪም ቤት ቢሄዱ፣ ዳኛ ፊት ቢቆሙ፣ ማን ይናገርላቸዋል?»

ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ዘልዬ ገባሁ። «እኔ አለሁ! እስከ ዛሬም አፉ እኔ ነኝ። ያለ እኔ አንድ ነገር አድርጎ አያውቅም!»

ሽማግሌዎቹን ሳል ያዛቸው። አያ ወልዴ ዞረው አዩኝ።

«ስምሽ ማን ነው ልጄ?»

«ሙሉነሽ።»

«እንግዲህ ሙሉነሽ፣ አንቺም ነገ ታገቢያለሽ። ያን ጊዜ አፉን ይዘሽበት ልትሄጂ ነው? ወይስ ልጄን የምድራት ላንቺ ነው?» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ያለ እህቱ የማይቆም ከሆነ፣ ልጄን አልሰጥም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያንን ሁሉ ኩራቴን ሰብስቤ ባቀረብኩት ቃል የወንድሜን ጉዳይ ገደል ልከተው ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ግማሽ ልቤ ደስ አለው። እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለሳለን፤ መወርወሪያው ለእኔ ይቀመጣል።

ደምሴ የሁሉንም ፊት ሲያይ ቆየ። ምን እንደተባለ እኔ አልነገርኩትም፤ ፊታችን ነገረው። ትከሻዬን ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ኋላው አደረገኝ። ከዚያ አያ ወልዴ ፊት ቆመ። እሳቸውን ጠቆመ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ሚስታቸውን ጠቆመ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጠቆመ፤ እያንዳንዳቸውን ሲጠቁም መልሶ ወደ አንኮበር፣ ሚስቶቻቸው ወዳሉበት ጠቆመ። ከዚያ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። አገጩን አነሳ።

እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። «ምን አለ?» የሚለኝ ግን አልተገኘም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ወደ እኔ አልዞረም። የቂጣዬ ቃል፣ እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው ቃል፣ ለማያውቀን ሰው ያለ አስተርጓሚ ገባው።

አያ ወልዴ እጃቸውን ዘርግተው መደቡን አሳዩን። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ጠላ መጣ፣ ቆሎ መጣ። እናቷ እልል አሉ፤ ዘርፌ ከጓዳ ብቅ ብላ ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ጥግ ላይ አደረገች። እኔ ቆሎውን የማኝከው ጠላቴን እንደማኝክ ነበር። ዳገቱን ስንመለስ ደምሴ ጥንቅሽ ልጦ ሰጠኝ፤ አልቀበልም አልኩ። ሊያወራኝ ሞከረ፤ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። በእጅ ቋንቋ ኩርፊያ እንደዚህ ነው። በጣቱ ጉንጬን ነካኝ፤ ስሜን ጠራኝ ማለት ነው። ፊቴን አዙሬ ዳገቱን ቀድሜው ወጣሁ።

ደምሴና ዘርፌ ድርና ማግ ሆነው ኖሩ። ልጅ ግን እግዜር አልሰጣቸውም። ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው ጋቢ እየሸመኑ ሲኖሩ እኔም በትዳር እዚሁ ነበርኩ፤ ልጠይቃቸው ስሄድ መወርወሪያው ይቀመጥ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ወሬያቸው ዓመት በዓመት እየፈጠነብኝ ሄደ። እኔ የምችለው የልጅነቱን ነው፤ እነሱ በላዩ ላይ ዕድሜ ልክ ጨምረውበታል። አሁን ደምሴ የለም። ያ ቋንቋ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ቀረው፤ እኔና የቀናሁባት ሴት። ከሁለታችን ደግሞ አብዛኛው ያለው እሷ ዘንድ ነው።

ያን ዕለት ባጃጁን ወደ ቤቴ አላስቀጠልኩትም፤ ዘርፌ በር ላይ ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ እንዝርቷ ጭኗ ላይ ተጋድሟል። ፊቷን ወደ ባዶው የሽመና ጉድጓድ አድርጋ ታወራለች። ሁለት ጣቷን ከንፈሯ ጥግ አድርጋ ጠራችው፤ ከዚያ እጇ ሮጠ፣ እኔ በማላውቀው ቃል፣ ረጅም ነገር ነገረችው፤ መሀል ላይ ሳቀች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀናሁ። አንድ ሐሙስ የቀረኝ አሮጊት፣ በሞተ ወንድሜና በባልቴት ሚስቱ ወሬ ቀናሁ።

ዞር ስትል አየችኝ። መዳፌን ደረቴ ላይ አደረግሁ። አገጬን አነሳሁ።

ዘርፌ ከአጎዛው ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጋ ወሬውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው። መጀመሪያ ያደረገችው ጣቷን ጉንጯ ላይ ማሳረፍ ነበር፤ ወሬው የሚጀምረው በእኔ ስም ነው።