መጥፎ አየር የሚባለው በሽታ

በሸዋ ሮቢት የቀትር ሙቀት፣ ዶሮ እንኳ ምንቃሯን ከፍታ ጥላ ስር በምትተኛበት ሰዓት፣ ልጄ «እማ፣ ጋቢ ደርቢልኝ» አለችኝ። ጠጋ ብዬ ዳሰስኳት። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሯ ግን እሳት ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። እሷ አሥረኛ ናት፤ እንግሊዝኛዋን የምታጠናው ጮክ ብላ ስለሆነ ማሾ እየለቀምኩ አብሬ እማራለሁ። በዚያው ሰሞን ማላሪያ የሚለው ቃል ከጣሊያን አገር እንደመጣ፣ ትርጉሙም መጥፎ አየር እንደሆነ ስትደጋግም ሰምቼ ነበር። ለኛ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። በአባቴ ጊዜ የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ያርስና፣ ሲመሽ ንዳዱን፣ የቆላውን ትኩሳት፣ ፈርቶ ሽቅብ ወጥቶ ያድር ነበር። ፈረንጁም እኛም አንድ ቃል ነን አልኩና ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ባጃጅ አስቆምኩ። ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያ ወደ ደጋው ደብረ ሲና፤ ጥሩ አየር ላስተነፍሳት።

ባጃጅ ነጂው ዞር ብሎ አየንና «ማዘር፣ ሙሽራ ነው እንዴ የጫንነው?» አለ። «ቶሎ ንዳ» አልኩት። ልጄ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። ስነግራት በዚያ ሁሉ ትኩሳት መሃል ሳቀች፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ታስተምረኝ ጀመር። ጣሊያኖቹ ድሮ በሽታው ከረግረግ ሽታ የሚመጣ መስሏቸው ነው አሉ ያንን ስም ያወጡለት። ኋላ ጥፋተኛዋ ትንኝ መሆኗ ታወቀ፤ ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ።

«መሳሳታቸውን ካወቁ ለምን አልቀየሩትም?» አልኳት።

«እማ፣ አንቺ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አድርሽኝ፤ እነሱን ኋላ እንጠይቃቸዋለን።»

ነጂው የኔን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ባጃጁን አዞረ።

ጤና ጣቢያ ጣቷን ወግተው ደሟን አዩ። ወባ ነው አሉ። ባለሙያው የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው አስዋጣት። ደጋ ልወስዳት እንደነበር ብነግረው፣ አየሩ እንደማያድናት፣ መንገድ ላይም ሊብስባት ይችል እንደነበር ነገረኝ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ ደግሞ ከልጄ ጋር ስለ ቃሉ ወሬ ይዟል፤ ትምህርቱ አላልቅ አለ።

ቤት ገብተን በሦስተኛው ቀን ክኒኑን ስትጨርስ ትኩሳቱ ለቀቃት። ከአልጋ ተነስታ ማንጎ አምጪልኝ አለች፤ በልታም ሌላ ጠየቀች። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ድናለች። እኔም አሁን የምፈራው ትንኟን እንጂ አየሩን አይደለም።