የጎረቤቴ ካፖርቶች

ቅናቴን ልደብቀው አልሞክርም። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ፣ ሱሪ የማሳጥርባትና ዚፕ የምቀይርባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ዓመታት ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፌ የከፈትኳት ናት። ያንን ሥራ እንደ ኮሶ እጠላው ነበር፤ ሱቋ ካላዋጣችኝ ግን ወደዚያው እንደምመለስ አውቅ ነበር።

አንድ መስከረም ላይ፣ ከጎኔ ባዶ የነበረውን ሱቅ አንዲት ሴት ተከራየችው። ከከተማው ወጣ ብሎ ለአገሩ ነባር ሕዝብ ከተከለለው መሬት፣ ሪዘርቭ ከሚሉት የመጣች፣ የዚያው ሕዝብ ልጅ ናት። እሷም እንደኔ ልብስ ሰፊ ናት። የብርድ ካፖርት እየሰፋች ደረቱ ላይ በእጇ አበባ ትጠልፍበታለች። በመስኮት አጮልቄ ስፌቷ ላይ እንከን ፈለግኩ፤ አጣሁ። ያኔ ነው የጀመረኝ።

የባሱብኝ ግን ደንበኞቿ ናቸው። ወገኖቿ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ መኪና ታጭቀው ይመጣሉ፤ "የራሳችን ሰው ሱቅ ነው" ብለው፣ ያለቻቸውን ሳይከራከሩ ከፍለው፣ በሳምንቱ አክስታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። የእኔ ወገንስ? ሱሪውን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ፣ "እትዬ፣ ነገ ፒክ አፕ አደርገዋለሁ። ለአገር ልጅ ዲስካውንት የለም እንዴ?" ይለኛል። እሷን የአገሯ ልጅ ሲያቆማት እኔን የአገሬ ልጅ ሲገዘግዘኝ ይውላል።

ከዚያ ደግሞ ዳውንታውን ካሉት የነዳጅ መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰው መጥቶ ለሠራተኞቹ ካፖርት አዘዛት። ሲወጣ ጠብቄ፣ "እኔም እኮ ካፖርት እሰፋለሁ" አልኩት። ካፖርት ሰፍቼ አላውቅም። ሰውዬው ፈገግ ብሎ፣ መሥሪያ ቤቱ ከነባሩ ሕዝብ ሱቆች ለመግዛት እንደወሰነ፣ ገንዘቡ እዚሁ አገር ውስጥ በእነሱም እጅ እንዲዞር እንደሚፈልግ ነገረኝ። "የእኔስ ጨረቃ ላይ ነው የሚዞረው? ሬንትና ታክስ የምከፍለው እዚሁ አይደል?" አልኩ፤ ግን በአማርኛ፣ ያውም እሱ ከሄደ በኋላ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሱቄ መጣች። ትእዛዙ ከአቅሟ በላይ ሆኖባታል። "ገበሩን አንቺ ብትሰፊልኝ አብረን እንጠቀማለን" አለችኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን የለመደውን አወጣ፤ "አይ አይ፣ አትቸገሪ፣ እኔም ሥራ በዝቶብኛል።" የበዛብኝ ሥራ አንድ ቀሚስ ነበር። እኛ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልን እንኳ "በልቻለሁ" ብለን፣ "በሞቴ!" ተብለን ነው የምንጎርሰው። እሷም እስክትለምነኝ ጠበቅኩ። "እሺ" ብላ ወጣች።

ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ ሰነበትኩ። ደግማ ስትመጣ እንዳታጣኝ ብዬ ለምሳ እንኳ አልወጣሁም። ዓርብ ዕለት ሌላ የስፌት መኪና ሲገባላት አየሁ፤ ከኋላው እህቷ ተከትላ ገባች። ዘው ብዬ ገባሁና "ምነው ደግመሽ ሳትጠይቂኝ?" አልኳት።

ግራ ተጋብታ አየችኝ። "እምቢ አልሽኝ እኮ" አለች። "እምቢ ያለን ሰው መወትወት እኛ ቤት ነውር ነው።"

በረዶው ሲገባ እኔ ጠዋት ጠዋት ወደ ሆቴሉ አልጋዎች ተመለስኩ፤ ሱቄን የምከፍተው ከሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ። በግድግዳው በኩል የሁለት ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማኛል። አንደኛው የእኔ መሆን ነበረበት። ሲግደረደሩ ጦም ማደር ማለት ይኸው ነው። እህቷን አይቻት እንኳ ሰላም አልላትም ነበር።

በዓመቱ ትእዛዙ እንደገና መምጣቱን ሰማሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆመች። አፏን ሳትከፍት "እሺ!" አልኳት።

"ምኑን?" አለች። "መቀስ ልዋስ ነው የመጣሁት።"

መቀሱን ዘረጋሁላት። ይሉኝታዬ ዝም በይ ይለኛል፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የእህቷ መኪና ይንጫጫል። መቀሱን ስትይዘው አለቀቅኩላትም።

"የዘንድሮውን ገበር እኔ ልስፋው" አልኳት።

"ስፊዋ" አለች። "አምናም እኮ በር በሩን እያየሁ ጠብቄሽ ነበር።"